ሽቅብ ሩጫ፣ ቁልቁል ቀብር

ከይፋት ቆላ ከተመለስኩ ወዲህ የጎሬ ሰው በየመንገዱ እያቆመ "እስቲ አውራን፣ እንዴት ነበር?" ይለኛል። ለአንዱ ግማሹን ለሌላው ሩቡን ስነግር ወሬው ተቆራርጦ፣ ጭራሽ እኔው ራሴ ሩጫ ተወዳድሬ ተሸንፌ የመጣሁ ተደርጎ ሲወራ ሰማሁ። ይህን ሆድ ተሸክሜ! ስለዚህ ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ ቀን በቀን፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። አገሩ ያምራል፤ ሰዉም ደግ ነው። እኔ ግን ምነው ባልሄድኩ እያልኩ ነው የተመለስኩት። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ አታለልከን እንዳትሉኝ።

እንደምታውቁት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ስምጥ ሸለቆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል ጸጉሬ ሸበተ እንጂ፣ አፋፉ ላይ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። ተስፋዬ የሚባል፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ከአንድ ተደራራቢ አልጋ እሱ ላዩን እኔ ታቹን ይዘን የኖርን ጓደኛዬ፣ ሸዋ ሮቢት ተመድቦ ስፖርት ያስተምራል። በየክረምቱ "ና፣ ከበላያችን አንድ ተራራ አለ፤ አፋፉ ላይ ከወጣህ ቆላውን እስከ አዋሽ ድረስ ታየዋለህ" እያለ ይጎተጉተኛል። ዘንድሮ ደግሞ "የአውራጃው ሩጫ እዚያው ተራራ ላይ ነው፤ የማሠለጥነው ልጅ ስላለ መጥተህ እየው" ብሎ ላከብኝ። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ደርሼ ልምጣ ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከጎሬ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ እናንተም በወገባችሁ ታውቁታላችሁና እሱን አልተርክም። ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሳይነጋ ነው። አውቶቡሱ አሮጌ፣ ሹፌሩ ቁጡ፣ ረዳቱ ቀልደኛ። በየኬላው መውረድ፣ መታወቂያና የይለፍ ወረቀት ማሳየት፣ መፈተሽ፣ እንደገና መሳፈር ነው። አንዱ ኬላ ላይ ፈታሹ ለተስፋዬ የያዝኩትን የማር ጣሳ አንስቶ አሸተተና "ምንድነው?" አለኝ። "የጎሬ ማር" አልኩት። "ጎሬ ደግሞ የት ነው?" አለ። ጠመንጃ የያዘን ሰው ጂኦግራፊ አያስተምሩትም።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የእኛ ብርድ እርጥብ ነው፣ ልብስ ላይ ይቀራል፤ የዚያኛው ደረቅ ስለሆነ ቀጥታ ጆሮ ላይ ነው የሚያርፈው። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና ዋጠው። መንገዱ የሚያልፍበትን ዋሻ በጨለማ ገብተን ወዲያ ማዶ ስንወጣ ግን ምድሩ ከእግራችን ሥር የለም። እኛ አገር ገደል ቢኖርም ዛፍ ስለሚሸፍነው ሰው ሳያየው ይኖራል፤ ይሄኛው ራቁቱን ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ እኔ የፊቴን ወንበር ብረት ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አይ ያለ ፍርሃት የሚያስተምሩት ስምጥ ሸለቆ!

ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሰው ሁሉ ማውለቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ኮት፣ ቀጥሎ ሹራብ። ጆሮዬ ተደፈነ። በዚህ መሀል የማር ጣሳዬ የታሸገበት ሰም በሙቀቱ ለስልሶ ኖሮ፣ ማሩ ከዕቃ መጫኛው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ከፊቴ በተቀመጡ እናት ነጠላ ላይ ይወርዳል። ያወቅሁት ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደው፣ ጣታቸውን አይተው፣ ቀመስ ሲያደርጉ ነው። ይቅርታ ብጠይቅ "ተወው ልጄ፣ ከላይ የሚወርደው ማር ከሆነ ይውረድ" አሉኝ። ነጠላውን ላሳጥብ ብል እምቢ አሉ። ትንሽ ቆይተው ዘወር ብለው "የየት አገር ነው? ይጣፍጣል" ሲሉኝ የፈታሹን ነገር ረሳሁት።

ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሙቀቱ የእሳት ምድጃ ክዳን ሲከፈት እንደሚመጣው ፊቴን መታኝ። ተስፋዬ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ከስቷል፣ ፀሐይ አክስሎታል፤ እኔን አይቶ "አንተ ደግሞ የሁለታችንንም በልተሃል" አለኝ። ማታ አልጋውን አውጥቶ ግቢው መሀል አነጠፈልኝና አጎበር ሰቀለበት። ጎሬ በሁለት ብርድ ልብስ የሚተኛ ሰው፣ እዚህ አንሶላውም ከበደኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ተስፋዬ ፓፓያ አቀረበልኝ። ቆራርጦ ሲሰጠኝ ፍሬውን ሁሉ አብሬ በላሁና በሳቅ ገደልኩት። ከተማው ሞቅ ያለ ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር የጭነት መኪና ይቆማል፣ ሽንኩርት ይጫናል፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሰዎች ግመል ይነዳሉ። እኛ አገር ገበያ ሰው ከዝናብ ይጠለላል፤ እዚያ ከፀሐይ።

ይማምን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ተስፋዬ የሚያሠለጥነው ልጅ ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ ባቱ ቀጭን፣ አነጋገሩ ቀስ ያለ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። እርሻ ሲያግዝ ቆይቶ አሁን ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቷል። ታላቅ ወንድሙ ቀደም ባለው ዙር ሄዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ለአባትና ለእናቱ የቀራቸው ወንድ እሱ ነው።

ታዲያ ሩጫው ምን እንደሆነ ተስፋዬ ያስረዳኝ ይማም እየሰማ ነው። ከክፍለ ሀገር አንድ ኃላፊ ይመጣል። አንደኛ የወጣውን ልጅ ለሠራዊቱ የሯጮች ቡድን ይወስደዋል። ቡድን ውስጥ የገባ ሥልጠናውን ይወስዳል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ ግን ሲሮጥ ይኖራል እንጂ ግንባር አይላክም። "አንድ ሰው ብቻ?" አልኩ። "አንድ ብቻ" አለ ተስፋዬ። "ግን ይሄን ዳገት ከሱ ቀድሞ የሚወጣ ሰው በዚህ አውራጃ የለም። የደብረ ሲናው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እሱም ቢሆን አይደርስበትም።" ይማም መሬት መሬቱን እያየ ፈገግ አለ።

ለካ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጸጉሬን ያስተካከለኝ ሰውዬ እንኳ መቀሱን አቁሞ "መምህር፣ የኛን ልጅ ሩጫ ሊያዩ ነው አሉ የመጡት?" አለኝ። እንግዳ ሆኜ የመጣሁ ሰውዬ በአንድ ቀን ወገን ሆኜ ቁጭ።

አመሻሽ ላይ ሲለማመዱ አብሬ ዱብ ዱብ ልበል ብዬ ተነሳሁ። ብዙም ሳልርቅ የግራር እሾህ ሸራ ጫማዬን በስቶ ገባ። ይማም ተመልሶ መጣ፣ እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ እሾሁን በጥፍሩ ነቅሶ አወጣልኝና "ጋሼ፣ የሩጫው ቀን አንቱ ቀድመው ነው የሚነሱት፤ እኛ ኋላ እንደርስብዎታለን" አለኝ። ስድብ በዚህ ትሕትና ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን

ሩጫው የሚነሳው ከተራራው ግርጌ፣ ከይማም ወላጆች መንደር አጠገብ ስለሆነ እዚያ ልናድር ሄድን። መንገዱ በማሽላ ማሳ መሀል ነው። ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ስለሆነ የፊቴን ሰው ጀርባ ብቻ እያየሁ ሄድኩ፤ የዚያን ቀን አገሬ አገሬ ሸተተኝ።

አባትየው ጋሽ ሰይድ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ጺማቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። እናትየው እትዬ ዘሀራ ሳንቀመጥ ለእግሬ ለብ ያለ ውሃ አመጡ፤ ያበጠውን ሲያዩ "ውይ ያገሬ እሾህ፣ እንግዳ አያውቅም" ብለው ጨው ጨመሩበት። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ዶሮ ይዘው ማዶ ወዳለ የክርስቲያን ጎረቤት ላኩ፤ ጎረቤትየው በኛ ሥርዓት ባርኮ አረደልንና ሚስቱ ሠርታ መለሰችው። የመጣው በሌላ ድስት፣ በሌላ ሳሕን ነው። ለካ እትዬ ዘሀራ ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ የሚያወጡት ዕቃ አላቸው። እኛ ጎሬም እስላም ጎረቤቶች አሉን፤ ሲመጡብን "አትበሉም መቼስ" ብለን ሻይ ነው የምንሰጣቸው። አፈርኩ።

ከእራት በፊት ጋሽ ሰይድ ዱዓ አደረጉ። ለዝናብ፣ ለከብት፣ ለእንግዳ፣ ለሩቁ ልጃቸው ለመኑ፤ ለይማም ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እትዬ ዘሀራ ሁላችንም "አሚን" ካልን በኋላ ብቻቸውን አንድ ጊዜ "አሚን" አሉ። ኋላ ውሃ ሲያቀብሉኝ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ።

"መምህር፣ አንቱ የተማሩ ነዎት። አንደኛ የወጣ እውነት ከግንባር ይቀራል?"

"ይቀራል እትዬ" አልኩ። በእጄ ያለ ነገር ይመስል።

"እሱማ ይወጣል፤ ዳገቱን ልቅም አድርጎ ያውቀዋል። እኔ እንደው ሰዎቹ ቃላቸውን ይጠብቁ እንደሆን ብዬ ነው" አሉ።

ከጣሳዬ የተረፈውን ማር ሰጠኋቸው። ለይማም በውሃ በጥብጠው ጠዋት ሊሰጡት አስቀመጡት።

አራተኛው ቀን

እኔ ቀርፋፋው ገና ጎሕ ሲቀድ ዱላ ይዤ ተነሳሁ፤ ከሯጮቹ ጋር አፋፉ ላይ ለመገናኘት ያለኝ ተስፋ ያ ብቻ ነበር። ተስፋዬ ከእኔም ቀድሞ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ከተራራው ትከሻ ላይ ካለች ምንጭ ዘንድ ወጥቷል።

የጎሬ ዳገት ደግ ነው፤ ጫካው ስለሚሸፍነው ምን ያህል እንደቀረህ አይነግርህም። የይፋት ዳገት ግን ከሥሩ ጀምሮ ፍዳህን ፊት ለፊት ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። መጀመሪያ ማሽላው አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ግራርና ቁልቋል፤ ከዚያ ቅጥቅጥ ድንጋይ ላይ ወዲህና ወዲያ የምትል፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ መንገድ። አንድ ርምጃ ስትወጣ ግማሹ ተንሸራቶ ይመለሳል። ተራራው ወገብ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ አለች፤ ዙሪያዋን በድንጋይ የታጠረ መቃብር ነው። እሷን አልፌ፣ ልቤ በጆሮዬ እየመታ፣ ቀጥ ካለው ዳገት ግማሹን እንደወጣሁ ተኩስ ሰማሁ። ሩጫው ተጀመረ ማለት ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ማየት ጀመርኩ።

ይማም ብቻውን ወጣ። ከማሽላው ውስጥ ብቅ ሲል ከኋላው ሰው አልነበረም። ዳገት የሚሮጥ ሰው አይመስልም፤ ድንጋዮቹ እያወቁት ቦታ የሚሰጡት ነው የሚመስለው። ሌሎቹ ሦስቱ ተወዳዳሪዎች፣ የደብረ ሲናውን ጨምሮ ሁሉም የደጋ ልጆች፣ ከማሽላው ሲወጡ እሱ ቁልቋሉን ጨርሶ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ። አለቀ በቃ፣ ቀረላቸው አልኩ።

ያኔ ከላይ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" የሚል ዝግ ያለ ዜማ መጣ።

ቃሬዛ ነው። የላይኛው መንደር መሬቱ አለት ስለሆነ መቃብር አይቆፈርበትም፤ ሙታናቸውን የሚቀብሩት እኔ ካለፍኳት ጠፍጣፋ ቦታ ነው። የሞቱት አንዲት አሮጊት ናቸው። ቃሬዛውን የያዙት አራቱም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከኋላ የሚከተሉትም ምርኩዝ የያዙ። ወጣት የሚባል አልነበረበትም። የአሮጊቷ ልጆች ራሳቸው ወታደር ቤት መሆናቸውን ኋላ ነው የሰማሁት።

ያገሩን ሥርዓት እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ጀናዛ ያጋጠመው ወንድ ዝም ብሎ አያልፍም። ትከሻውን ከቃሬዛው እንጨት ሥር ያስገባል፤ የተተካው ይወጣል። ጥቂት እንደሄደ ደግሞ ሌላው መጥቶ እሱን ይተካዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። እኛ ዘንድ ሬሳ በየማረፊያው ይቆማል፣ ፍትሐት ይደረጋል፣ ሰውም ይተነፍሳል። እነሱ ግን ቃሬዛው መቃብር ሳይደርስ መሬት አያስነኩትም። ተተኪ ካልመጣም ትከሻ አይወጣም። ወጣት በሞላበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ሰው የሚሸከመው ጥቂት ርምጃ ብቻ ነው።

ይማም እኔ ያለሁበት ደረሰ። ቀና ብሎ ቃሬዛውን አየ። ከፊት በቀኝ በኩል የያዙት ሽማግሌ ያነክሳሉ፤ ቁልቁለት ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። ልቤ "እለፍ፣ እለፍ" ትል ነበር፤ በአፌ ግን ያንን የሚናገር ሰው አይደለሁም። እሱም ብዙ አላሰበም። ላቡን በክንዱ ጠርጎ ገባና ትከሻውን ሰጠ። የሚያነክሱት ሰውዬ ወጥተው እንደ ጆንያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እኔ እሱን ልተካው ተነስቼ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለዚያ ነበር የተነሳሁት። ጥቂት ርምጃ ይሂድና ልቀበለው፣ ሥርዓቱም ይሙላ፣ እሱም ይሂድ ብዬ። ይህን ሳስብ ከፊት በግራ በኩል የያዙት ሽማግሌ ጉልበታቸው ከዳቸው። ቃሬዛው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ሳላስበው ዘልዬ ከሥሩ ገባሁ። ዱላዬ እየተንከባለለ ሲወርድ ይሰማኛል። ቀና ብዬ ሳይ ይማም በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ሁለታችንም ተይዘናል። ሌላ ሰው የለም።

"ይማም፣ ሩጫህ" አልኩት።

"የሚተካ ይመጣል ጋሼ፤ አይቸኩሉ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል" አለኝ።

"ከየት ነው የሚመጣው?"

ከኋላ የያዙት አንዱ ሽማግሌ "ልጄ፣ ሩጫ ላይ ነህ እንዴ?" አሉት። "ይደርሳል አባባ" አላቸው።

ሦስቱ ደገኞች መጡ። መንገዱን ለቀው ከገደሉ ጥግ ቆሙልን። የደብረ ሲናው ልጅ ቆቡን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ ስናልፍ ይማምን አየውና ግራ ገባው። መተካካቱን እነሱ አያውቁትም፤ በነሱ አገር ለሬሳ የሚገባውን ክብር ሰጥተው አሳለፉን። ከዚያ ሽቅብ ሮጡ። የኮቴያቸው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ እኛ አንድ አንድ እያልን ቁልቁል እንወርዳለን። ይማም ያንን ሁሉ የወጣውን ዳገት ትከሻው ላይ ሬሳ ይዞ መልሶ ወረደው።

ተስፋዬ ምንጩ ላይ ሆኖ ደገኞቹ ቀድመው ሲመጡ ሲያይ ጀሪካኑን ጥሎ እየበረረ ወረደ። ልጁ ገደል ገብቶ መስሎት ነበር። የደረሰብን ጠፍጣፋው ሊታይ ሲቃረብ ነው። ከይማም ጎን ገባ፣ እንጨቱን ተቀበለና "ሂድ" አለው። ይማም ትከሻውን አወጣ፣ በመዳፉ የቃሬዛውን ጫፍ ዳሰስ አድርጎ ዞረ። ከዚያ እንዴት እንደሮጠ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ፊቴ ወደ ታች ነበር። ድንጋይ ሲፈናጠር ብቻ ሰማሁ።

አሮጊቷን አደረስናቸው። አፈር መለስን። ሽማግሌዎቹ እጃችንን እየያዙ መረቁን፤ ተስፋዬ ዳገቱን እያየ "አሜን" ይላል። ከዚያ ሁለታችን ሽቅብ ወጣን።

አፋፉ ላይ የደረስነው ፀሐይ ከራሳችን በላይ ሆና ነው። ያን ያህል አገር አቋርጬ የመጣሁለት ቦታ ነው። ቆላው ሁሉ ተዘርግቷል፤ የሮቢ ወንዝ በማሳው መሀል ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ ግራጫ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ። አዋሽ ያ ይሁን አይሁን ለይቼ አላየሁም። ዓይኔ የሚፈልገው ሌላ ነበር። ይማም አፋፉ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ የደብረ ሲናው ልጅ አጠገቡ ሆኖ ዳቦ ቆርሶ እየሰጠው ነው። ይማም ዳቦውን ይዟል፣ አይበላም።

ሁለተኛ ነው የወጣው። ሁለቱን ደገኞች ከምንጩ በላይ አልፏቸዋል። የደብረ ሲናውን ልጅ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ደርሶበት ጀርባውን ሊነካው ሲል የመድረሻው ገመድ ቀደመው። ያዩት ሰዎች ሲነግሩን እንዲህ ያለ ሩጫ አላየንም እያሉ በአድናቆት ነው፤ ተስፋዬ እየሰማ ከንፈሩን ይነክሳል።

ወደ ኃላፊው ሄድን። መነጽር ያደረጉ፣ ፀሐይ ያደከማቸው ሰው ናቸው። ተስፋዬ ሳይጀምር የደብረ ሲናው ልጅ ተነስቶ መጣ። "ጓድ፣ ይሄ ልጅ ይበልጠኛል። ቀብር ነው ያቆየው፤ እኔ አይቻለሁ" አለ። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰምቻለሁ። ሁለት ልውሰድ ብዬ ለምኜ ነበር፤ የተፈቀደልኝ አንድ ነው" አሉ። ተስፋዬ "እንግዲያው እሱን ይውሰዱታ" አለ፣ በእጁ ይማምን እያሳየ። ሰውዬው ወደ ደብረ ሲናው ልጅ ዘወር ብለው "ስምህ ወጥቷል?" አሉት። "ወጥቷል ጓድ" አለ ልጁ። "ታዲያ ይሄስ እናት የለውም?" አሉን። ተስፋዬ የዘረጋውን እጁን መለሰ። የምንጠላው ሰው እንኳ አላገኘንም።

ማታ ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። እትዬ ዘሀራ ይማምንም እኔንም ቀና ብለው አላዩንም። "ሴትየዋ በደህና ተቀበሩ?" ብለው ጠየቁ። "ተቀበሩ" አልን። "አልሐምዱሊላህ" አሉና ወደ ማድ ቤት ገቡ። እኔ ግን ይቀራል ብያቸው ነበር። እኚያ ሽማግሌ ባይንበረከኩ፣ ወይም እኔ ከግራ ይልቅ ከቀኝ ቆሜ ብሆን እያልኩ አሰብኩ። እንዳልል ደግሞ ቃሬዛው ገደል ይገባ ነበር። ከየትኛውም በኩል ባየው መውጫ የለውም።

አምስተኛው ቀን

ይማም ጠዋት ወደ ለቅሶ ቤት ወጥቶ ስለነበር ደህና ሁን አላልኩትም። ተስፋዬ ራሱን አሞት ተኝቷል። እስከ አውቶቡሱ መንገድ ድረስ ጋሽ ሰይድ ሸኙኝ፤ ሻንጣዬን ነጥቀውኝ፣ ብል ብሠራ አልሰጡኝም። ማሽላው መሀል እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ስንሄድ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

"መምህር፣ ልጅ አለዎት?"

"ሁለት ወንዶች አሉኝ ጋሽ ሰይድ።"

"አላህ ያቆይልዎ" አሉ። ትንሽ ሄድን። "ይማም ትንሽ ሆኖ ከጀናዛ ይሸሽ ነበር። ይፈራል። አንድ ቀን ክንዱን ይዤ ከቃሬዛው ሥር አስገባሁት። ቁመቱ አልደረሰም፤ እጁን ዘርግቶ እንጨቱን በጣቱ ነካ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጀናዛ አልፎት አያውቅም። ሰው ሁሉ 'ልጅ አሳደግህ' ይለኛል።"

እኔም "እውነት ነው፣ አሳድገዋል" አልኩ።

ቆሙ። ሻንጣዬን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት። "ዛሬ ሱብሒ ስሰግድ፣ ምነው ያን ቀን ክንዱን ባልያዝኩት አልኩ። አስተግፊሩላህ። በዚህ አፌ አልኩት።"

ከማሽላው ወጥተን መንገዱ ዳር ቆምን። አውቶቡሱ መጣ፤ ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ" እያለ ሻንጣዬን ከሳቸው ተቀበለ። እጄን ይዘውኝ ቆዩ፤ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ለቀቁኝ። ጣርማበር ላይ ጉሙ ዳግመኛ ዋጠን፤ ሹራቤን ለበስኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አላስታውስም።

ጎሬ ስገባ እንደ ወትሮው ይዘንባል። በሳምንቱ እናንተም እንደምታውቁት ሰፈራችን ውስጥ ቀብር ነበር። ትልቁ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሲያወራ ሬሳው ሲወጣ አየና ሊሸከም ሮጠ። ስሙን ጠራሁት። ዞሮ "አቤት አባዬ" አለኝ። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ለምን እንደጠራሁት ለራሴም አላውቅም ነበር። ሰዉ እየሄደ ነው፤ እሱ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ሂድ" አልኩት።